ታሪክ፣ ልብ ወለድና ገበጣ፦ ቪዲዮ ስሠራ ያጠፋኋቸው ጥፋቶች

የመጀመሪያ ቪዲዮዬን ድምፅ የቀዳሁት ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ ነው። ጋቢ ተከናንቤ፣ ስልኬን የጫማ ካርቶን ላይ አስደግፌ። ወንድሜ በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ትንሽ ዝም አለና «እማዬን ልጥራት?» አለኝ።

ያኔ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 የማያንሱ ልጆች አሉ። ከኋላ የተቀመጡት ድምፄን አይሰሙም፤ ከፊት ያሉት ደግሞ እንቅልፋቸውን አይደብቁም። በቪዲዮ ባስተምር ሁሉም እኩል ይሰማኛል ብዬ ነው የጀመርኩት። ሐሳቡ ዛሬም ትክክል ይመስለኛል። ጉድ የሠራኝ አካሄዴ ነው።

በመሃል ሥራዬን ለቀቅኩ፣ ቁጠባዬን ጨረስኩ፣ የአንድ ዓመት ቀረፃ ጠፋብኝ፣ ቻናሌም ሊዘጋ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር። አሁን ደህና ነኝ። በወር ሁለት ቪዲዮ እሠራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ልጆች አስጠናለሁ። «እኔም ልጀምር ነው፣ ምን ትመክሪኛለሽ?» የሚሉኝ ስለበዙ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። የካሜራ ምርጫ ከጠበቃችሁ አዝናለሁ። አሁንም በስልክ ነው የምቀርፀው።

የምሠራው ስለ ታሪክ፣ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ጌም ዲዛይን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የኔ ናቸው። ሦስተኛው የወንድሜ ጣጣ ነው። እሱ ኮምፒዩተር ሳይንስ ተምሮ ለስልክ የሚሆኑ ትንንሽ ጌሞች ይሠራል። «ጨዋታ እንዴት እንደሚፈጠር በአማርኛ እናስረዳ» እያለ ሲነዘንዘኝ «እሺ፣ አንተ አስረዳ፣ እኔ ኤዲት ላድርግ» አልኩት። ሰው ሁሉ «አንዱን ምረጪ፣ ሦስቱ አይገናኙም» ይለኝ ነበር። እኔም ለረጅም ጊዜ እውነታቸውን መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ስምንት ቪዲዮዎች እያንዳንዳቸው 25 ደቂቃ ገደማ ናቸው። ዛሬ ሳያቸው አፍራለሁ። «ጤና ይስጥልኝ ውድ ተመልካቾቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ዛሬም እንደተለመደው…» እያልኩ ሰላምታው ብቻ አንድ ደቂቃ ከአስር ሰከንድ ይፈጃል። «እንደተለመደው» የምለው እኮ በመጀመሪያው ቪዲዮ ላይ ነው! ዩቲዩብ ተመልካች የቱ ጋ ጥሎ እንደሚሄድ የሚያሳይ ግራፍ አለው። እኔ መኖሩን ያወቅኩት ከአምስት ወር በኋላ ነው። ከፍቼ ሳየው 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከግማሽ በላዩ ሰው ሄዷል። ገና ሰላም ብዬ አልጨረስኩም።

እባካችሁ ያንን ግራፍ በመጀመሪያው ሳምንት እዩት። ስንት ሰው አየው የሚለው ቁጥር ልብ ያሞቃል እንጂ ምንም አያስተምርም። መስመሩ የት ላይ ዘጭ እንዳለ ፈልጉና እዚያች ሰከንድ ላይ ምን እያወራችሁ እንደነበር መልሳችሁ ስሙት። እኔ ጋ ሁልጊዜ «ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት» የምልበት ቦታ ነበር።

ትልቁ ውርደት ግን የመጣው ከአንድ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስላለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ቪዲዮ ሠራሁ። ሐውልቱ የተመረቀው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ያነበብኩት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ኖቬምበር 1930 ይላል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ «ወደ ኛ አቆጣጠር ስትመልሺ ስምንት ቀንሺ» ተብዬ ነው ያደግኩት። ቀነስኩ። 1922 ወጣ። በድምፅ አልኩት፣ በትልቁ ጻፍኩት፣ የቪዲዮው ሽፋን ላይም ለጠፍኩት።

በማግስቱ ጡረታ የወጡ አንድ የታሪክ መምህር ጻፉልኝ። «ልጄ፣ ጃንሆይ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነው። አንቺ አንድ ዓመት ቀድመሽ አነገሥሻቸው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው። ፈረንጆቹ ዓመታቸውን ከቀየሩ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ ስምንት ይሆናል። የግራዚያኒ ጭፍጨፋ የካቲት 12 ቀን 1929 ነው፤ በነሱ 1937፣ ስምንት። አቡነ ጴጥሮስ የተገደሉት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ነው፤ በነሱ 1936፣ ይኸውም ስምንት። ዘውዱ ግን ጥቅምት ላይ ስለሆነ ሰባት። ስለዚህ ወሩን ሳታውቁ ዓመት አትመልሱ። ወሩን ማግኘት ካልቻላችሁ ሁለቱንም ዓመት ጎን ለጎን ጻፉ። አንባቢ እንደ ተመልካች አይደለም፣ ወደ ኋላ ገልጦ ያጣራል። ቪዲዮ የሚያይ ልጅ የሰማውን ይዞ ፈተና ይገባል። ደግሞ ዩቲዩብ ላይ አንዴ የጫናችሁትን ፋይል በዚያው አድራሻ በሌላ መተካት አይቻልም። አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው፣ ያውም ከዜሮ።

ጥሩነቱ መምህሩ ቁጡ አይደሉም። «እስክሪፕቱን ከመቅዳትሽ በፊት ብታሳዪኝስ?» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ጽሑፍ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። እናንተም እንዲህ ያለ ሰው ፈልጉ። ከማይክም ከመብራትም በፊት።

ስለ ድምፅ ካነሳሁ አይቀር፣ ቁም ሳጥኑ ትክክል ነበር። ቤታችን ከጊዮርጊስ አይርቅም። ንጋት ላይ ቅዳሴ አለ። ከነጋ በኋላ ደግሞ የታክሲ ረዳት። ቀን ላይ የጎረቤት ግንባታ። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የራሴንም ድምፅ አልሰማም፤ ስለዚህ የሐምሌና የነሐሴን ድምፆች ሰኔ ሳያልቅ እቀዳለሁ። በአዘቦቱ ከምሽቱ አራት እስከ ስድስት ሰዓት ይሻላል፣ ውሾቹ ሳይጀምሩ። ጨርቅ ድምፅ ይመጥጣል፤ ልብስ የታጨቀበት ቁም ሳጥን ደግሞ በነፃ የተገኘ ስቱዲዮ ነው። ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ ልብስ ላይ የሚሰካውን ትንሿን ማይክ ግዙ። ሰው ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሣል፤ እንደ ባዶ አዳራሽ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን አይታገሥም።

አንድ ጥቃቅን ነገር፣ ግን ሁለት ቀን የበላችኝ፦ ኤዲት ማድረጊያው ላይ አማርኛ ስጽፍ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን እየሆነ ይወጣ ነበር። ችግሩ የፎንቱ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን በነፃ አውርዳችሁ ምረጡት፣ ይስተካከላል።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ።

ፒያሳ የነበረው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሳይፈርስ በፊት ለአንድ ዓመት ያህል በየሳምንቱ እየሄድኩ እቀርፅ ነበር። ጠባብ መንገዶቹን፣ የእንጨት በረንዳዎቹን፣ በየደጃፉ የተቀመጡትን ሰዎች። «የፒያሳ ታሪክ» የሚል ተከታታይ ልሠራበት ነው። ሁሉንም አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አደረግኩት። ቦታ እንዲያስለቅቅልኝ ከስልኬ አጠፋሁት። አንድ ማታ እየገለበጥኩ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ እንደገና ሄደ። ዲስኩ ከዚያ በኋላ ቀጭ ቀጭ ከማለት በቀር አልከፍት አለ። ሁለት ቦታ ለጥገና ወሰድኩት። አልዳነም።

መብራት ነው የበላኝ ብዬ ለወራት አማረርኩ። የበላኝ ግን ስንፍናዬ ነው። ሁለተኛ ዲስክ ልገዛ ያሰብኩበትን ብር መቆሚያ መብራት ገዝቼበት ነበር። ሐውልት ተመልሶ ይቀረፃል። ያ ሰፈር ግን ዛሬ የለም። በ2016 ፈርሷል።

ስለዚህ አንድ ፋይል ሦስት ቦታ ይቀመጥ። ሁለቱ በተለያየ ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። የኔ ሦስተኛው ዲስክ ሳሪስ አክስቴ ቤት፣ የክት ልብሷ መሃል ነው ያለው። በወር አንዴ ቡና ልጠጣ ስሄድ እቀይረዋለሁ። ከተቻለ ደግሞ ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ ሥሩ፤ በዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ) አትንኩት። ኢንተርኔቱንም አስቡበት። ለተራ 1080p ኤችዲ ምስል ዩቲዩብ ራሱ የሚመክረው በሰከንድ 8 ሜጋቢት ነው። የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ በዚህ ሒሳብ 600 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። እኔ ሳላውቅ የዚህን አምስት እጥፍ እያወጣሁ ሌሊቱን ሙሉ ስጭን አድር ነበር።

ከዚያ የኮፒራይቱ መጣ። ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስሠራ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን አራት ደቂቃ ያህል ቆርጬ አስገባሁ። ያንን ድምፅ ሰምቶ የማይቀዘቅዝ ማን አለ? ቪዲዮው የባለቤትነት ጥያቄ ቀረበበት። ጥያቄ ማለት ገና ቅጣት አይደለም። ወይ ድምፁን ታነሳላችሁ፣ ወይ ትከራከራላችሁ። እኔ ግን ደነገጥኩና አጥፍቼ በሌላ ስም መልሼ ጫንኩት። ከዚያ እውነተኛው ቅጣት መጣ፣ ስትራይክ። አንዱ ለ90 ቀን ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሦስት ከሞላ ቻናሉ ይዘጋል። እኔ ለዜማ ማጀቢያ ባስገባሁት ሌላ ዘፈን ሁለተኛውን በላሁ። ሦስተኛው ቢመጣ የሁለት ዓመት ሥራዬ ይቀበር ነበር። እነዚያን ሦስት ወራት ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይዘላል።

የኛው ሕግም ግልጽ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት መብቱ ይጠበቃል። ሀዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ነው፤ ስለዚህ መጽሐፋቸውን ቪዲዮ ላይ እንደፈለግን ማንበብ አንችልም፣ አጭር ጠቅሶ መተንተን ነው የሚቻለው። በአንጻሩ በ1900 ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ጊዜው አልፏል። ከዚያ ብዙ አነበብኩ፣ ማንም ምንም አላለኝም።

ስለ መንገድ ላይ ቀረፃ አጭር ምክር ብቻ አለኝ። በስልክ ብቻ ከሆናችሁ መንገደኛ ናችሁ፤ ትሪፖድ ካወጣችሁ ጋዜጠኛ ናችሁ። አራት ኪሎ ቤተ መንግሥቱና ምክር ቤቱ አካባቢ ጨርሶ አትሞክሩት። ለሙዚየምና ለቤተ መጻሕፍት የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ። ጥበቃውን ደግሞ ቀድማችሁ ሰላም በሉ።

በዚያ የ90 ቀን ፍርሃት ውስጥ ቆምኩ። ምንም አልሠራም፤ እንቅልፍም የለኝም። ሥራ የለቀቅኩት «ሙሉ ጊዜዬን ብሰጠው በስድስት ወር ያተርፋል» ብዬ ነበር። አላተረፈም። እማዬ አንድ ቀን ቡና እያፈላች «ልጄ፣ ሥራሽን ትተሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ብቻሽን ታወሪያለሽ። ለጎረቤት ምን ልበል?» አለችኝ። ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ሥራ አትልቀቁ። ቢያንስ የስድስት ወር ቤት ኪራይ ከቪዲዮው እስክታገኙ ድረስ አትልቀቁ። ይህን የሚነግረኝ ሰው ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ነገሩ የተቀየረው በገበጣ ነው።

ወንድሜ ደጃፋችን ላይ ከሰፈር ልጆች ጋር ገበጣ ይጫወታል። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር እዚያው ናቸው። አንድም ልጅ ስልኩን አላወጣም። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ቅናት ያዘኝ። «እኔ 30 ሰከንድ ላቆያቸው አቃተኝ፣ አንተ በጠጠር እንዴት አድርገህ ነው?» አልኩት።

ቀና ሳይል «አንቺ መልሱን ትነግሪያቸዋለሽ። እዚህ ተራው የነሱ ነው» አለኝ።

ከዚያ ማታ ስለ ሥራው አስቀምጦ አስተማረኝ። እባብና መሰላል ላይ የሚጣለው ዳይስ ይወስናል፤ ልጁ የሚመርጠው ነገር የለም። ገበጣ ላይ ደግሞ ዕድል የለም። ጠጠሩ ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል፣ ከየቱ ጉድጓድ እንደምታነሱ ግን እናንተ ናችሁ የምትመርጡት። ጌም ዲዛይን የሚሉት ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ደንብ አለ፣ ግብ አለ፣ በመካከላቸው የሚያስጨንቅ ምርጫ አለ። ያኔ ነው የኔ ታሪክ ውስጥ የጎደለው የታየኝ። ሁሉንም የምተርከው ካለቀ በኋላ ካለው ቦታ ቆሜ ነው። አድዋ ላይ ማን እንዳሸነፈ ሁሉም ያውቃል። ታዲያ ለምን ይቀመጥልኝ?

የአድዋን ቪዲዮ አፍርሼ እንደገና ጻፍኩት። ከድሉ ሳይሆን ከስንቁ ጀመርኩ። የካቲት 1888፣ ሁለት ጦር ተፋጦ ተቀምጧል። የምኒልክ ሠራዊት እህሉ እያለቀበት ነው። የጣሊያኑ አዛዥ የጄኔራል ባራቲየሪም እንደዚያው። ቀድሞ የተንቀሳቀሰ ይጎዳል፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ይራባል። ከሮም ደግሞ «ምን ትጠብቃለህ?» የሚል ግፊት አለ። እዚህ ላይ ቪዲዮውን አቆምኩና «ባራቲየሪን ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?» ብዬ አምስት ሰከንድ ዝም አልኩ። እሱ ማፈግፈግ ፈልጎ ነበር፤ የብርጌድ አዛዦቹ እንዋጋ አሉት። ከዚያ የሌሊቱ ጉዞ፣ ከዚያ ያ የተሳሳተ ካርታ። እንዳ ኪዳነ ምሕረት የሚባለው ኮረብታ ስም ስለተምታታ ከብርጌድ አዛዦቹ አንዱ፣ ጄኔራል አልቤርቶኔ፣ ከሌሎቹ ተነጥሎ ርቆ ሄደ። የካቲት 23 ንጋት ላይ ብቻውን ነው የተገኘው።

ግራፉን በማግስቱ ሳየው ዓይኔን አላመንኩም። ዝም ባልኩባት አምስት ሰከንድ ላይ መስመሩ ወደ ላይ ወጥቷል። ሰው መልሶ እያየው ነው።

ለልብ ወለድም ሠራ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ በዛብህ የስለት ልጅ ነው፤ ስለት ደንብ ነው፤ ሰብለ ወንጌል ስትመጣ ደንቡና ልቡ ተጋጩ። እዚያ ላይ አቁሙና ጠይቁ። መጽሐፉን አሥር ጊዜ ያነበበ ሰው እንኳ ይከራከራችኋል። «ሦስቱ አይገናኙም» ያሉኝን ሰዎች ያኔ አስታወስኳቸው።

ይህም ያለ ጣጣ አልሄደም። የአድዋውን ርዕስ «የትዕግሥት ጨዋታ» ብዬው ነበር። «ደም የፈሰሰበትን ጨዋታ ትያለሽ?» ብለው የተቆጡ ብዙ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ልከራከር ቃጣኝ። በአማርኛ ጨዋታ እኮ ወግም ነው፤ «ተጫወቱ እንጂ» የምንለው እንግዳ ሲመጣ ነው። በኋላ ግን አያቱ አድዋ የቀሩበትን ሰው አሰብኩና ርዕሱን «የትዕግሥት ፍልሚያ» አደረግኩት። ጦርነትና ጭፍጨፋ ላይ «ጨዋታ»፣ «ተጫዋች»፣ «ነጥብ» የሚሉ ቃላት አልጠቀምም። የካቲት 12ን ደግሞ «ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ» ብዬ አልጠይቅበትም። ይህ የኔ ውሳኔ ነው፣ ወንድሜ አይስማማም።

ገበጣም የራሱን መዘዝ አመጣ። ወንድሜ ካሜራ ፊት «የገበጣ ደንብ ይኸው ነው» ብሎ ሲናገር አላረምኩትም። በሁለት ቀን ውስጥ «እኛ አገር እንዲህ አይደለም» የሚል ጎርፍ መጣ። አንዱ ሁለት ረድፍ ነው ይላል፣ ሌላው ሦስት። ሁሉም ልክ ናቸው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ገበጣ ባሳተሙት ጥናት የአጨዋወቱን ብዛት ዘርዝረው አሳይተዋል፤ ቀድሜ ባነብ ኖሮ አላፍርም ነበር። አሁን «እኛ ሰፈር እንዲህ ነው የምንጫወተው፣ እናንተስ?» እንላለን። ሰውም የአያቱን ደንብ በድምፅ እየቀዳ ይልክልናል።

አንድ ቪዲዮ አሁን ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል። ከዚያ ውስጥ አንዱ ሳምንት ንባብ ነው። ርዝመቱ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም። ሰላምታ የለም፤ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ጥያቄ ወይም የተጨነቀ ሰው ናት። ገቢው ቤት ኪራይ አይችልም፤ የማስጠናቸው ልጆች ናቸው የሚያኖሩኝ። ግን እንቅልፌ ተመልሷል።

አሁን የያዝነው ስለ ድሮው ሰንጠረዥ ነው። በኛ አገር አጨዋወት መጀመሪያ ላይ ተራ የለም፤ ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ወንድሜ በደስታ ሊያብድ ነው። እስክሪፕቱን ትናንት ለመምህሩ ላክሁላቸው። ዛሬ ጠዋት ፎቶ አንስተው መለሱልኝ። «ገደማ» የሚለውን ቃል አምስት ቦታ በቀይ አስምረውበታል። ከታች «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ገደማ ምንድን ነው? ወመዘክር ሄደሽ አጣሪ» ይላል። ነገ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ እሄዳለሁ።